ያን ቀን የቆጠርነው

መስከረም 22፣ ረቡዕ

ሙቀቱ አልበረደም። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ማዳም ጆይስ ከወደብ ቀድማ መጣች፤ ጫማዋን በረንዳ ላይ አውልቃ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነከረች። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሥራዋ ወደ አገሬ የሚሄደውን የአሜሪካ እርዳታ እህል ከመርከብ ተቀብሎ በከባድ መኪና ማስጫን ነው። በዚህ በጅቡቲ ኤሮን ሰፈር ቤት ሁለታችን ብቻ ነን። አራት ዓመት ሞላኝ፤ አንድ ቀን ድምጿን ከፍ አድርጋብኝ አታውቅም።

ራዲዮኗ ስለ አገሯ ምርጫ ሲያወራ ዋለ። አንድ ወር ቀርቶታል። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰማሁ... ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ እንቁላል ዋጋ። እንዲህ ያለ ትልቅ አገር በእንቁላል መጨቃጨቁ ገረመኝ። ቆይ፣ ምን ያስገርማል? እኛስ ያኔ ለምርጫ የተሰለፍነው ስለ ምን ነበር? ዘይትና ስኳር አልነበረበትም?

ተይው። ነገ ምንጣፉ ይታጠባል።

መስከረም 24፣ ዓርብ

የእረፍት ቀኔ። በሚኒባስ ቡላኦስ ወረድኩ፣ ከዚያ በእግር ወደ ካርቲየ 1 ሰፈር፣ ማይሙና ሱቅ። ብትን ጨርቅና ድሪያ ቀሚስ ትሸጣለች፤ ሱቁ የአባቷ ነበር። የድሬዳዋ ሴት ናት። በዕድሜ አስራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ግን አንቱ ብያት አላውቅም፣ ድሬዎች አንቱ ሲባሉ ይስቃሉ። እሷ ከኋላ ሰላቷን እስክታደርስ ደንበኛ አስተናገድኩላት።

ሚናስ፣ አገር ቤት አብሮኝ ያስተምር የነበረው፣ እዚህ ሦስት ዓመት ኖሯል። ሱቁ ጀርባ ካለችው ዕቃ ቤት ይተኛ ነበር፣ ልጆቿን እንግሊዝኛ ያስጠና ነበር። ዲቪ ወጥቶለት አሜሪካ ሄደ። እኔ ከስምንት ወር በኋላ ደረስኩ።

ይኸው አስራ ስድስት ዓመት ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ። ስለ እሱ አንድ ቃል ጠይቄ አላውቅም። እሷም አታነሳም። አንዳንዴ ብቻ “ያ መምህር...” ትልና ፊቴን አይታ ታቆማለች። እኔ ጨርቅ አጣጥፋለሁ።

መስከረም 27፣ ሰኞ

ማዳም የድምፅ መስጫ ወረቀቷ መጣላት። በፖስታ ነው የምትመርጠው፣ ከዚሁ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ። ሰልፍ የለ፣ መጋረጃ የለ፣ ኮሮጆ የለ። መነጽሯን አድርጋ አንድ አንድ እያለች ታጠቁራለች። ፊቴን አዞርኩ። ብታይብኝም ግድ የለኝም አለች። እኔ ግን ግድ አለኝ አልኳት። ከየት እንደወጣኝ አላውቅም።

አሽጋ ስትጨርስ ጠራችኝ። በግዛቷ ሕግ ፖስታው ላይ አንድ ምስክር መፈረም አለበት። ድምፁን የሰጠችው ራሷ መሆኗን በዓይኑ ያየ ሰው። ዜግነት አይጠየቅም። “ያየሽኝ አንቺ ነሽ” ብላ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

እጄ እርጥብ ነው አልኳት። ፎጣ ሰጠችኝ። ድስቱ ሊያርርብኝ ነው አልኳት። ምንም ድስት አልጣድኩም ነበር።

ነገ እፈርማለሁ አልኳት።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

ፈረምኩ። ስሜን፣ አድራሻውን፣ ቀኑን። ማዳም አይታ “እንዴት ያለ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ነው” አለች።

ያ የምርጫ ጣቢያ ሰብሳቢም ይህንኑ ነበር ያለኝ።

ልጻፈው። ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም።

በዘጠና ሰባት ነው። ባቡር ሐዲዱ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ አስተማሪዎች ነበርን፣ እኔና ሚናስ። በክረምቱ ቀለበት ልናስር ተነጋግረናል። ለምርጫው አስፈጻሚ ሆነን ተመደብን፣ አምስት ሰው። ሕዝቡ ጎህ ሳይቀድ ተሰለፈ። አንዲት እርጉዝ ሰልፍ ላይ ምጥ ጀመራት፤ ሳልመርጥ አልሄድም ብላ መርጣ ሄደች። እኔም መረጥኩ። ሚናስም።

ቆጠርን። ደግመን ቆጠርን። ጽሑፌ ስለሚያምር ቅጹን የሞላሁት እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢው ወጣ ብሎ ከሰው ጋር ተነጋገረና ተመለሰ። አዲስ ቅጽ ዘረጋ። የሁለቱ ወገኖች ቁጥር ቦታ ተቀያይሮ ይጻፍ አለ።

ሚናስ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ዞሮ አየኝ። “ሂድ፣ እደርስብሃለሁ” አልኩት።

አልደረስኩበትም። “ያንቺ ጽሑፍ ነው የሚያምረው፣ አንቺው ጻፊው” አለኝ ሰብሳቢው። እናቴ ታማ ነበር፣ የምትታከመው በኔ ደሞዝ ነበር። ምክንያት ነው? ነው እንጂ። ግን ጻፍኩት፣ ፊደሎቹን አሳምሬ። የራሴንም ድምፅ በራሴ እጅ ገለበጥኩት። ፈረምኩ።

በማግሥቱ ጠየቀኝ። አልፈረምኩም አልኩት። አመነኝ።

በወሩ ከሥራ አባረሩት። እኔን ለምን እንዳልነኩኝ እንኳ አልጠየቀም። በባቡር ጅቡቲ መጣ፤ አራት ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ አድራሻው ማይሙና ሱቅ። ለአንዱም አልመለስኩለትም። ምን ብዬ ልመልስ? እናቴ ስታርፍ ደብዳቤዎቹን ይዤ ተከተልኩት። ዘግይቼ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ዛሬ ነው ምርጫቸው። ማዳም ምሳ አልበላችም። እኔም... ምን አገባኝ?

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

የማዳም ወገን ተሸነፈ።

ወጥ ቤት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል። ሻይ ሰጠኋት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ ቆጠራው ልክ ነው ወይ? ልክ ነው አለች። የሚያመኝም እሱ ነው፣ ሰው ይህን ፈልጎ ነው፣ አለች። ታዲያ አሁን ምን ታደርጊያለሽ ብላት ግራ ገብቷት አየችኝ። “ነገ ሥራ እገባለሁ። በአራት ዓመት ደግሞ እመርጣለሁ።”

ቀናሁባት። ተሸንፋ፣ አልቅሳ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች... ቀናሁባት።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ማይሙናን ጠየቅኳት። “የሚናስ ስልክ አለሽ?”

መቀሱን አስቀመጠች። “አለኝ። በየዒዱ ይደውልልኛል። አንዴ ስላንቺ ጠይቆኝ አላውቃትም አልኩት። አንቺ ሳታነሺው ምን ልበል? ለአንቺ ብዬ ዋሽቻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።”

ኮሎምበስ የምትባል ከተማ ነው ያለው አለችኝ። የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አግብቶ ተፋቷል፣ አንዲት ልጅ አለችው። ዜግነት ከወሰደ ሁለት ዓመቱ ነው።

ቁጥሩን በጨርቅ ካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችልኝ። ጡቴ ስር አድርጌ መጣሁ። ላብ እንዳያጠፋው ቤት ስደርስ ገለበጥኩት።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ደወልኩ። ከማይሙና ሱቅ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፤ እዚያ ጠዋት ነው። “ሄሎ” አለ በእንግሊዝኛ። ድምፁ ወፍሯል። “ወርቅነሽ ነኝ” አልኩት።

ከዚያ “ቆይ፣ መኪናውን ላቁም” አለኝ።

የት እንዳለሁ ሲሰማ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። እዚያው ሱቅ? እዚያው። ስንት ዓመት? ነገርኩት። ስለ ደብዳቤዎቹ ጠየቀኝ። ደርሰውኛል አልኩት። ለምን አልመለስሽም አላለም። ሰውየው አሁንም አይጠይቅም።

ስለ ምርጫው አወራልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲመርጥ የመጀመሪያው ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ተሰልፎ፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ ወረቀቱን አስገብቶ ወጣ። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ‘መርጫለሁ’ የሚል ተለጣፊ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። መኪናው ውስጥ ገብቶ አለቀሰ። የመረጠው ያሸነፈውን ነው። ኪራዩ በሦስት ዓመት ውስጥ የደሞዙን ግማሽ በልቶታል፤ ለዚህ መላ አለኝ ያለውን መረጠ። የተናገረውን ሁሉ ወደድከው ወይ አልኩት። “አልወደድኩትም። ግን ወርቄ፣ ሙሉ ሰው ቢጠበቅ ማን ይመረጣል?”

ወርቄ አለኝ።

ከዚያ እንዲህ አለ፤ “ሰልፍ ላይ ሆኜ ያን ቀን አሰብኩ። ከዚያ ክፍል ንጹሕ ሆነን የወጣነው እኔና አንቺ ብቻ ነን።”

ካርዱ ሊያልቅ ነው አልኩት። አላለቀም ነበር።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ራሱ ደወለ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ዘጋን። ስለ በረዶ። ስለ ልጁ፤ አማርኛ ትሰማለች፣ አትናገርም። ስለ ተማሪዎቻችን፣ ማን የት ደረሰ። አልነገርኩትም።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ደወለ። አልነገርኩትም። ሐሙስ ሲሆን እንደ ልጅ ደስ ይለኛል። በዚህ ዕድሜ... አርባ ስድስት ዓመት። መስታወት አየሁ ዛሬ፣ በስልክ ለሚያናግረኝ ሰው።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ፎቶ ላከልኝ። ጢሙ ነጭ ሆኗል። ስልኩን ከፍቼ ዘግቼ፣ ከፍቼ ዘግቼ... ማይሙና ‘ስክሪኑን ጨረስሽው’ አለችኝ።

ጥር 18፣ እሑድ

ማዳም በአራት ሰዓት ከሥራ ተመለሰች። ቦርሳዋን ይዛ ሳሎን መሐል ቆመች። የእርዳታው ሥራ ሁሉ ይቁም የሚል ትእዛዝ ከአገሯ መጣ። ዘጠና ቀን ይጣራል፣ እስከዚያ ምንም እንዳይንቀሳቀስ። የተጫኑት መኪኖች ሳይወጡ ቀሩ። ሾፌሮቹ ይደውሉላታል፤ ምን ልበላቸው አለችኝ። እኔን ጠየቀችኝ።

ቀኑን ሙሉ ስልኳ ሲጮህ ዋለ። አንሺው አልላት፣ አታንሺው አልላት።

ጥር 23፣ ዓርብ

ለሚናስ ነገርኩት። ማዳም ምን እንደምትሠራ እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር፣ አሜሪካዊት ቤት ነኝ ብዬ ብቻ ነበር የነገርኩት። ማሽላው ቆሟል፣ እሷም መሄዷ ነው፣ እኔም ሥራዬ ማለቁ ነው አልኩት።

“እኔ ነኝ የመረጥኩት” አለ። “ስለ እናንተ አላሰብኩም። ስለ ኪራዬ ነበር የማስበው። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

እሱ እኔን። ይቅርታ።

ያሰብከውን መረጥክ፣ ድምፅህ ተቆጠረ፣ ምንም አላጠፋህም አልኩት። እውነቴን ነው? ማሽላውን የሚጠብቁት ሴቶች የትም አልተሰለፉም፣ የጠየቃቸውም የለም። የእነሱ ጉዳይ በእሱ ኪራይ ውስጥ ተቆረጠ። ምርጫው ግን ልክ ነበር። ማዳም ራሷ ልክ ነው ብላኛለች።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አሁን ያን ቅጽ ፊቴ ቢያደርጉት... የአሜሪካውን... ቁጥሩን ገልብጪው፣ እህሉ ይሂድ ቢሉኝ? እስክሪብቶውን አነሳ ነበር?

ለአንድ ደቂቃ፣ አዎ አልኩ። ከዚያ ያቺ አሮጊት ትዝ አለችኝ፣ ተለጣፊ የምትለጥፈው። መኪናው ውስጥ የሚያለቅሰው ሰውዬ። የእሱን እንባ ነው የምገለብጠው።

አላውቅም። ራስ ምታት ይዞኛል።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ነገርኩት።

ስለ ልጁ ትምህርት ቤት እያወራኝ ነበር። አቋረጥኩት። “ሚናስ፣ ፈርሜያለሁ።”

“ምኑን?”

“ያን ቅጽ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አልፈረምኩም ያልኩህ ውሸቴን ነው።”

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። እናቴን ልጠቅስ አስቤ ተውኩት። እሷን ምን አመጣት።

“ሥራ ደርሶብኛል” አለ።

ዓርብ ከሥራ ነፃ የሚሆንበት ቀን ነው።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ማዳም ሄደች። ከሥራ ተሰናብታለች፣ ደብዳቤው ሦስት መስመር ነበር አለችኝ። አንድ ሻንጣ ብቻ። እህቷ ጋ ትገባለች። ስለ እኔ የምስክር ወረቀት ጻፈችልኝ፣ ሙሉ ገጽ፤ ሐቀኛ ናት የሚል አለበት። አንብቤ አጠፍኩት።

አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። ምን እንደምላት አጥቼ “በአራት ዓመት” አልኳት። ሳቀች፣ አቀፈችኝ። ጠረኗ የፀሐይ ቅባት ነው። እስክትገባ ዞራ ዞራ አየችኝ።

ማይሙና ዕቃ ቤቷን ለቀቀችልኝ። ዛሬ እዚህ ነኝ። ከጨርቅ ጥቅሉ ኋላ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ። ለልጆቹ ያስተማራቸው ነው፣ ‘መሄድ’ የሚለው ግሥ በእንግሊዝኛ፣ በሦስቱም ጊዜ። የእሱ ጽሑፍ አያምርም። ድሮም አያምርም ነበር። እጄን አሳረፍኩበት።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ጠይቄው ምን?

ማይሙና ረመዷን ላይ ናት፣ እኔ ሁዳዴ። ሁለታችንም አፋችን ደርቆ፣ ሙግት የለም ሱቅ ውስጥ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አልደወለም።

ድሮ ስናፍቀው ደህና ነበርኩ ማለት ነው። ያኔ እሱ እኔን የሚያስበው ንጹሕ አድርጎ ነበር። እዚያ ሩቅ አገር አንድ ሰው ልብ ውስጥ አንዲት ንጹሕ ወርቅነሽ ነበረች፤ እሷንም አጠፋኋት። ለምን ነገርኩት? ዝም ብል ማን ያውቅ ነበር?

እኔ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ሱቁ ውስጥ ወሬው ሁሉ ቀረጥ ነው። አሜሪካ ከየአገሩ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ጫነች። ማይሙና በአንድ በኩል ትሰጋለች፣ በአንድ በኩል ታሰላለች። ቻይና እዚያ መሸጥ ካቃታት ጨርቁን ለእኛ ታረክሰዋለች ትላለች። ወይም መርከብ ይወደድና ሁሉም ነገር ይወደዳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ አለች። “እዚያ ይመርጣሉ፣ ዋጋው እዚህ ይቀየራል። እኔን ማን ጠየቀኝ?”

ሚናስ ምን ይል ይሆን? መጋዘኑ ዕቃ ይቀንስበት ይሆን? ኪራዩስ? ልደውልለት እጄ ሄደ። ስለ ቀረጥ ብቻ፣ ብዬ። ሞኝ ነሽ አልኩ።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ሆሳዕና። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰው ብዙ ነበር፣ አብዛኞቹ እንደኔ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች። አንዷ አሠሪዎቿ እንደሄዱባት ነገረችኝ። የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ነበሩ። ሌላዋም። ቆጠርን፤ ከአንድ አግዳሚ ወንበር ስድስት ነን።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ደወለ።

ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ቁጥሩን ሳየው ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ማይሙና ሳታይ ያየች ናት፤ ወደ ኋላ ሂጂ አለችኝ በዓይኗ። ዕቃ ቤት ገባሁ።

ሰላምታ የለም። “ቁጥሩ ስንት ነበር?” አለኝ።

“የቱ ቁጥር?”

“የመጀመሪያው። እኛ የቆጠርነው።”

ማሰብ አላስፈለገኝም። “ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው መረጠ” አልኩት። “አስራ ሦስት ወረቀት ተበላሽቷል። ሁለት መቶ ሰባ ለገዢው...”

“አራት መቶ አርባ ስምንት” አለ። ቀደመኝ።

“አራት መቶ አርባ ስምንት” አልኩ።

ሲተነፍስ ይሰማኛል። “ሃያ ዓመት እኔ ብቻ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር” አለ። “አንዳንዴ የፈጠርኩት ይመስለኝ ነበር።”

“አልፈጠርከውም። በእጄ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ ትክክለኛውን ነበር የጻፍኩት።”

እንደተናደደ ነገረኝ፣ ገና እንዳልበረደለት። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሮ ቀዷል። ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር ሲል ከርሞ፣ ባለፈው ሳምንት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲቆጥር እነዚያ ቁጥሮች አፉ ላይ መጡበት፤ የሚያረጋግጥለት አንድ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እኔ መሆኔን አሰበ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም። ስለ እናቴ ጠየቀኝ። እንዳረፈች ነገርኩት። ነፍስ ይማር አለ፤ ያኔ መታመሟን አውቅ ነበር አለ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ፣ “በሚቀጥለው ዓርብ ደውዬ ልሳደብ?” አለኝ።

“ደውል” አልኩት።

ናፍቆቱ ቀነሰልኝ? አልቀነሰም፣ እንዲያውም ባሰብኝ። ውቅያኖሱ እዚያው ነው፣ ቪዛ የለኝም፣ እሱም እመጣለሁ አላለም። ግን የምናፍቀው ሰው አሁን ማን እንደሆንኩ ያውቃል። ከዚህ በፊት እንዲህ ናፍቄ አላውቅም።

ስመለስ ደንበኛዋ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። ስንት ሜትር ደረስን አለችኝ። ጠፍቶብኛል አልኳት። ጨርቁን ዘርግቼ ከአንድ ጀመርኩላት።